የሙዚቃ መሣሪያው የማን ነው?

የማኅበራችን የበዓላት ኮሚቴ ለዘንድሮው የተመራቂዎች ምሽት ባንድ መቅጠር ቅንጦት ነው ብሎ፣ አንድ ዲጄ ከነድምፅ ማጉያው ለመከራየት ማሰቡን ሰምተናል። አሳቡን የሚደግፉት ወንድሞችና እኅቶች ሁለት ምክንያት ያቀርባሉ። አንደኛው የገንዘብ ነው፤ እርሱን ወደ በኋላ እንመለስበታለን። ሁለተኛው ግን ገንዘብ ሳይሆን ንቀት ነው። ይኸውም፣ «ባንድ የናይት ክለብ ነገር ነው፤ ናይት ክለብ ደግሞ የስካርና የዝሙት ቤት ነው፤ ተማሪን አይመለከተውም» የሚለው ነው። እኛ በዚህ ገጽ ልንከራከር የተነሣነው ከዚህ ከሁለተኛው ጋር ነው። የአዲስ አበባ ናይት ክለብ ታሪክ የስካር ታሪክ ብቻ አይደለም። አንድ ሙያተኛ መሣሪያው የራሱ ሳይሆን ነጻ ሊሆን ይችላል ወይ ለሚለው ጥያቄ፣ በዚህች ከተማ ረጅሙ መልስ የተጻፈው እዚያ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ዘመናዊ ሙዚቃ በአገራችን የተወለደው በመንግሥት ቤት ነው። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን እጓለ ማውታ፣ ሕዝቡ «አርባ ልጆች» የሚላቸው፣ ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር መለከቱን ይዘው ገቡ። ከዚያ ወዲያ የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች መጡ፤ በ1927 ዓ.ም. ሀገር ፍቅር ተመሠረተ፤ በ1948 ዓ.ም. ዛሬ ብሔራዊ የምንለው ቲያትር ተከፈተ። በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ሳክስፎኑ የመንግሥት ነበረ፣ ልብሱ የመንግሥት ነበረ፣ ዘፋኙም ደመወዝተኛ ነበረ። አለቃው የወደቀ ዕለት ዘፋኙም አብሮት ይወድቃል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛው መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ከታሠሩት መካከል ጥላሁን ገሠሠ ነበረበት፤ የዚያ ጦር ኦርኬስትራ ድምፃዊ ነበርና። ድምፅ እንደ ጠብመንጃ በጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት የሚመዘገብበት ዘመን ነበረ ብንል ብዙ አላጋነንም።

ነገር ግን ቀን የመንግሥት የሆነው ሙዚቀኛ ማታ የራሱ ነው። ከፒያሳ ዝቅ ብሎ በደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ስም የሚጠራው ሠፈር፣ ውቤ በረሃ፣ የዚህ የማታ ኑሮ ዋና ከተማ ነበረ። በረሃ የተባለው ውሃ ስለ ጠፋበት አለመሆኑን ሁሉም ያውቃል። ኦርኬስትራዎቹ ሥራቸውን ሲጨርሱ ሙዚቀኞቹ ወደዚያ ይወርዳሉ፤ በመድረክ ላይ ያልተፈቀደላቸውን በቡና ቤት ይጫወታሉ። አሰገደች አላምረው ቤቷን በፓትሪስ ሉሙምባ ስም መሰየሟን ልብ እንበል፤ አንዲት የቡና ቤት ባለቤት በኮንጎው መሪ ስም ናይት ክለብ ስትከፍት፣ ስለ አፍሪካ ነጻነት የምታስበው በአዳራሽ ያለው ተማሪ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ማሕሙድ አሕመድን እንውሰድ። ጫማ ይጠርግ የነበረው ይህ ልጅ ቆይቶ በአሪዞና ክለብ የጉልበት ሥራ ገባ። ክለቡ የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ሙዚቀኞች ሥራቸውን ጨርሰው የሚያመሹበት ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1962 አንድ ማታ ድምፃዊው ቀረ፤ ማሕሙድ «እስቲ እኔ ልሞክር» ብሎ ፈቃድ ጠየቀና ዘፈነ። ብዙም ሳይቆይ የኦርኬስትራው ድምፃዊ ሆነ። እስቲ እንጠይቅ፤ የትኛው ትምህርት ቤት ነው ዕቃ ተሸካሚውን መድረክ ላይ አውጥቶ የሚፈትነው? የእኛ የመግቢያ ፈተና እንኳ እንዲህ ያለ ቸርነት የለውም።

እዚህ ላይ የሚቃወመን አንባቢ፣ «ሴቶቹን ረሳችኋቸው» ሊለን ይችላል። አልረሳናቸውም። የውቤ በረሃ ብርሃን የበራው ከገጠር ተሰደው በመጡ ልጃገረዶች ገላ ጭምር መሆኑን የማይናገር ታሪክ ታሪክ አይባልም። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር የዚያን ሠፈር ሌሊትና ሴቶቹን «ሌቱም አይነጋልኝ» ብሎ ጻፋቸውና፣ መጽሐፉ ለብዙ ዓመታት ሳይታተም ቀረ። ሌሊቱ በየቀኑ በሺህ ሰው ፊት ሲሆን ነውር አልተባለም፤ በወረቀት ላይ ሲሰፍር ነውር ሆነ። እኛ የምናየው ይህንን ነው፤ ስለ ናይት ክለብ መጻፍን የሚከለክለው ጨዋነት፣ ለሴቶቹ አንዳች ያደረገላቸው ነገር የለም። አለመጻፍ ኃጢአቱን አላቀነሰም፤ የሠሩትንና የተሠራባቸውን እኩል ከመዝገብ ፋቀ እንጂ።

በሌላውም ዓለም ነገሩ ከዚህ አይለይም። ዱክ ኤሊንግተን ስሙን የተከለው እ.ኤ.አ. ከ1927 ጀምሮ በኒው ዮርክ ሐርለም በሚገኘው በኮተን ክለብ ነው። በዚያ ቤት ጥቁሩ ይጫወታል፣ ጥቁሩ ያስተናግዳል፣ ጥቁሩ ግን በደንበኝነት አይገባም። ያ ሰው በ1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲመጣ ንጉሠ ነገሥቱ ኒሻን ሸለሙት፤ ሙላቱ አስታጥቄም አብሮት ተጫወተ። ኒሻኑ የተሰጠው ለታላቁ ሙዚቀኛ ነው ቢባልም፣ ያን ሙዚቀኛ ያበቀለው የናይት ክለብ መድረክ እንደ ነበረ መቼም ከታሪኩ ቆርጦ የሚያወጣው የለም።

የእኛ የተማሪዎቹ ታሪክ ግን ከዚህ ጋር ሰላም ኖሮት አያውቅም። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በስድስት ኪሎ በራስ መኰንን አዳራሽ ሊታይ በነበረው የፋሽን ትርዒት ላይ ተማሪዎች ተነሡ፤ ፖሊስ ገባ፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። ያን ጊዜ የተማሪው ክርክር የባዕድ ባህል ተለጣፊነትን መቃወም ነበረ፤ አገር በድኅነት ስትማቅቅ ሚኒስከርት ማሳየት ምን ይባላል የሚል ነው። ክርክሩ ከንቱ አልነበረም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ባሉት የተማሪ ጽሑፎች ላይ አንድ ጠባይ ተጣብቆ ቀረ፤ ኤሌክትሪክ ጊታር ያየ ሁሉ «ተለጣፊ» ብሎ ማለፍ። ያ ጊታር በትዝታና በአምባሰል ቅኝት ሲጫወት ቆሞ ያዳመጠው ጥቂት ነው። የሚያስገርመው፣ ያው ተማሪ ቅዳሜ ማታ ውቤ በረሃ አይታጣም ነበር፤ ይህን የምናውቀው የዘመኑ ሰዎች ትዝታቸውን ሲያወጉ በሣቅ ስለሚነግሩን ነው።

አሁን ወደ መሣሪያው እንመለስ። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሙዚቀኛው ከመንግሥት ቤት እየወጣ በየክለቡ መቀጠር ጀመረ። አምኃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ሸክላ የማሳተሙን የመንግሥት ሞኖፖል ደፍሮ የራሱን ማሳተሚያ አቋቋመ፤ የመጀመሪያው ሸክላም የዓለማየሁ እሸቴ ነው። ይህ ሁሉ ነጻነት ይመስላል። ቢሆንም ሙዚቀኛው ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው ተዛወረ እንጂ ጌታ አላጣም። ከበሮው፣ ኦርጋኑ፣ ማጉያው የክለቡ ባለቤት ንብረት ነበረና። ባለቤቱ የተቆጣ ዕለት ባንዱ ባዶ እጁን በር ላይ ይቆማል። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለው ለጌጥ ብቻ አይደለም።

በቬነስ ክለብ ይጫወቱ የነበሩ ልጆች ናቸው ይህን ሰንሰለት የበጠሱት። ኦርጋኑን የያዘው ኃይሉ መርጊያ በልጅነቱ በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ቆይቶ፣ ከዚያ አኮርዲዮኑን አንግቶ በየቡና ቤቱ የተጫወተ ነው። ሞገስ ሀብቴ፣ መልአከ ገብሬ፣ ዮሐንስ ተኮላ፣ ተማረ ሐረጉና ሌሎቹም ተባብረው ዋልያስ ባንድ ተባሉ። ከስማቸው ይልቅ ትልቁ ነገር ግን የሙዚቃ መሣሪያቸውን ራሳቸው መግዛታቸው ነው። ይህ ነገር ቀላል ይመስል ይሆናል። ይህች ገጽ የምትባዛበት ማሽን በማን ቢሮ እንደሚቆለፍና ቁልፉን ለማግኘት ስንት ደጅ እንደምንጠና የሚያውቅ የማኅበራችን አባል ግን ቀላል አለመሆኑ ይገባዋል። መሣሪያው የራሱ የሆነ ባንድ ከሆቴል ጋር እንደ አሽከር ሳይሆን እንደ ተዋዋይ ይነጋገራል። ዋልያስም ከሂልተን ጋር ተዋዋለ፤ እዚያም ዐሥር ዓመት ያህል ቆየ።

ዐሥሩ ዓመት ደግሞ ዝም ብሎ ዐሥር ዓመት አልነበረም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ሰዓት እላፊ ታወጀ። ከተማዋ በጊዜ የምትዘጋ ሆነች። ብዙ ቤቶች ደንበኛ አጥተው ተዘጉ፤ አምኃ እሸቴ አገር ለቆ ወጣ፤ ውቤ በረሃም ጭር አለ። በትልልቆቹ ሆቴሎች ግን አንድ ያልታሰበ ነገር ሆነ። ሰዓት እላፊ ከመግባቱ በፊት የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት አይችልም፤ ስለዚህ ጭፈራው እስኪነጋ ይቀጥላል። ባንዱም አብሮ ይታገታል። በራስ ሆቴል አይቤክስ፣ በኋላ ሮሃ የተባለው፣ በግዮን ዳህላክ፣ በሂልተን ዋልያስ። ከምሽት እስከ ንጋት የሚጫወት ባንድ የሚያውቀውን ዘፈን ሁሉ ጨርሶ ገና ሌሊቱ እኩል ላይ ይሆናል። ድምፃዊውም ጉሮሮ አለውና ማረፍ አለበት። እንግዲህ ምን ይደረግ? መሣሪያው ብቻውን ይዘፍናል። የጥንቱ ዜማ ይወሰዳል፣ ይዘረጋል፣ ይታጠፋል፣ ኦርጋኑ ለሳክስፎኑ ሳክስፎኑ ለጊታሩ ያቀብላል።

በ1969 ዓ.ም. የወጣው «ቸ በለው» የተባለው የዋልያስ ሸክላ፣ በኛ ግምት፣ የዚህ የረጅም ሌሊት ልጅ ነው። ያለ ድምፃዊ፣ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ሙሉ ሸክላ በአገራችን እጅግ ጥቂት በነበረበት ጊዜ የተሠራ ነው፤ ሙላቱ አስታጥቄም አለበት። በውስጡ ያለው «ሙዚቃዊ ስልት» የግርማ በየነ ድርሰት ሲሆን፣ ዛሬ አማርኛ ሰምተው የማያውቁ የባዕድ አገር ባንዶች ይጫወቱታል። ደግሞም ቃል የሌለው ዜማ ሳንሱር የሚሰርዝበት መስመር የለውም። ያ ዘመን ግጥም በቀይ እስክርቢቶ የሚታረምበት ዘመን ነበረ፤ ኦርጋን ምን አለ ተብሎ ግን አይጠየቅም።

ይህን ስንል ከባዱን ጥያቄ አላለፍነውም። 1969 ዓ.ም. የቀይ ሽብር ዓመት ነው። ከሂልተን ግቢ ውጭ፣ በዚያው ሌሊት፣ በኛ ዕድሜ ያሉ ተማሪዎች ይገደሉ ነበረ፤ ሬሳቸው በየመንገዱ ወድቆ ይነጋ ነበረ። ውስጥ ይጨፈራል፣ ውጭ ይሞታል። ከመምህሮቻችን አንዱ ይህን አሳብ ስናማክራቸው፣ «እኛ ያንን ሙዚቃ ደስ ብሎን አንሰማውም፤ የምንሰማው ሌላ ነገር ነው» ብለውናል። ይህ ቃል ከብደን ነበረና ብዙ ተነጋገርንበት። በመካከላችን፣ ያ ጭፈራ የባለሥልጣንና የባለገንዘብ መሸሸጊያ ነበረ ያለ አለ፤ የለም፣ ሰው እስኪነጋ አብሮ መሆኑ ብቻውን ሕይወት ማትረፊያ ነበረ ያለም አለ። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። እኛ የማንቀበለው ሦስተኛውን ነው፤ ሙዚቀኞቹን ግድ የሌላቸው አድርጎ መቁጠርን። ሰዓት እላፊን ያወጁት እነርሱ አይደሉም፤ የተሰጣቸው አንድ ክፍልና አንድ ሌሊት ነበረ፣ በዚያም ውስጥ ሠሩ። ስለ እነዚያ ሌሊቶች የሚፈርድ ሰው መጀመሪያ ማን ገባ፣ ማን ከፈለ፣ ማን በር ላይ ቀረ የሚለውን ይጠይቅ። ይህን የጠየቀ ሰው አልበዛም።

እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያስ ወደ አሜሪካ ተጓዘ፤ ዘመናዊ የኢትዮጵያ ባንድ እዚያ ሲዞር የመጀመሪያው ነው። አዳራሹን የሞላው ፈረንጅ ሳይሆን ስደተኛው ወገን ነበረ። ጉዞው ሲያልቅ ገሚሱ ተመለሰ፣ ገሚሱ ቀረ። ግርማ በየነ በዋሽንግተን ለብዙ ዓመታት ቤንዚን ማደያ ሠራ። ኃይሉ መርጊያ ታክሲ ነጂ ሆነ፤ በዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ ከመኪናው የዕቃ መጫኛ ትንሽ ኪቦርድ እያወጣ ይለማመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 ብቻውን የቀዳው ካሴት በ2013 በባዕድ ሰዎች እንደገና ታትሞ ዓለም እስኪያውቀው ድረስ፣ ተሳፋሪው ሁሉ የሾፌሩን ማንነት አያውቅም ነበር። አንባቢያን ይፍረዱ፤ ይህን ሰው ከታክሲው ያወጣው የትኛው የኛ ዩኒቨርሲቲ፣ የትኛው የኛ ቤተ መዛግብት ነው? የውጭ አገር የሸክላ አዳኝ ነው። እኛ የምናጠናው የራሳችን ታሪክ በሌላ ሰው ካሴት ላይ ተገኘ። እዚህም ላይ መሣሪያው የማን ነው የሚለው ጥያቄ አልተወንም።

ደርግ ከወደቀ በኋላ በካዛንችስ አዝማሪ ቤቶች እንደ እንጉዳይ ፈሉ፤ ሌሊቱ ለማሲንቆ ተመለሰ። ከእነርሱ አንዱ ፈንድቃ ነው። መላኩ በላይ በዚያ ቤት ለሽልማት ብቻ እየጨፈረ፣ ማታ ማታ ከባንኮኒው ሥር እየተኛ ዓመታት ቆይቶ፣ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቤቱን ራሱ ገዛው። ከዋልያስ ቀጥሎ ይህን መሰል ታሪክ አናውቅም። ነገር ግን መሣሪያው የራስ ሲሆን እንኳ መሬቱ የራስ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ካዛንችስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ፈንድቃም አብሮ ፈረሰ። ከዚያ በፊት ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በጣይቱ ሆቴል በተነሣው እሳት የጃዝአምባ መድረክ ነድዷል። የፒያሳው ዶሮ ማነቂያም በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። ልማት አይምጣ የሚል የለም፤ መንገዱ ሲሰፋ እኛም እንሄድበታለን። ሲፈርስ ግን በውስጡ ምን ይሠራ እንደ ነበረ አንድ ገጽ የጻፈ አለ ወይ?

ከዚህ ላይ ኮሚቴያችን ወዳቀረበው የገንዘብ ምክንያት እንለፍ። ዲጄ ከባንድ ይረክሳል፤ እውነት ነው። ነገር ግን የሚረክሰው ለምንድን ነው? የሚጫወተውን ከሠሩት ሰዎች ለአንዳቸውም ስለማይከፍል ነው። ማሕሙድን ያጫውታል፣ ለማሕሙድ አይከፍልም፤ ዋልያስን ያጫውታል፣ ለዋልያስ አይከፍልም። እኛ ስለ ፍትሕ ስንጽፍ የምንውል ተማሪዎች የምሽታችንን ደስታ በነጻ ጉልበት ማቆማችን አይቀፈንም? በከተማችን ሙዚቃ የሚማሩ፣ የሚጫወቱበት መድረክ ያጡ ወጣቶች አሉ። አራት ሰው ያለው ትንሽ ባንድ ለሁለት ሰዓት ብቻ ቀጥረን፣ የቀረውን ሰዓት በዲጄ ብንሞላው ወጪው ከአቅማችን አይወጣም። ለአበባና ለሪባን የተያዘው በጀት ቢቀነስ ይበቃል። ሪባኑን ማንም አይደንስበትም።

ሌላም የምንጠይቀው ነገር አለ፤ ይህ ደግሞ ገንዘብ አያስፈልገውም። የምንኖርበት ሲ.ኤም.ሲ ስሙን ያገኘው በደርግ ዘመን ቤቶቹን ከሠራው የጣሊያን የሕንጻ ሥራ ድርጅት ነው፤ ሠፈሩ ራሱ የሰዓት እላፊው ዘመን ልጅ ነው ማለት ነው። ከኛ አጥር ማዶ፣ ከየካ ተራሮች በታች ባሉት በእነዚያ ቤቶች ውስጥ፣ በሂልተንና በራስ ሆቴል ያነጉ፣ ወይም ያስተናገዱ፣ ወይም በር ላይ ቆመው ያልገቡ አባቶችና እናቶች ዛሬ በጡረታ ላይ ተቀምጠዋል። አምኃ እሸቴና ዓለማየሁ እሸቴ በ2013 ዓ.ም. በወራት ልዩነት አረፉ፤ ምስክሩ በየዓመቱ ይቀንሳል። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ አጣን የሚሉ ጓደኞቻችን ስልካቸው ላይ የድምፅ መቅጃ አለ። መምህሮቻችን ርእሱን ለመቀበል ፈቃደኞች ይሁኑልን፤ «ናይት ክለብ» የሚለው ቃል በሽፋኑ ላይ መታየቱ የሚያስቸግር ከሆነ «የከተማ ሙዚቃ ታሪክ» ብለን እንጽፈዋለን። ጥያቄዎቹን ከወዲሁ እያዘጋጀን ነው። የመጀመሪያው፣ ሰዓት እላፊ ሲገባ በር የሚዘጋው ማን ነበር የሚል ነው፤ ሁለተኛው፣ ማለዳ በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያዩት ምን ነበር የሚል ነው። ጎረቤት ወይም ዘመድ ያለው አንባቢ ስሙን በማኅበሩ ቢሮ በር ላይ በለጠፍነው ወረቀት ላይ ይጻፍልን።